ቀርተዋል የተባሉት

ወንድም ጋሼ ዛሬ ጠዋት ውሃ ሰርቆ ሲጠጣ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። የያዘችው ሚስቱ ናት። እኔ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ከወጥ ቤት «አንተ ሰውዬ፣ ምነው ብታዝንልን!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ ሮጥኩ። ስደርስ ወንድሜ፣ ያ በአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያፏጭ ሰው፣ የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ፣ ጠርሙሱን ከጀርባው ደብቆ፣ ከአገጩ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆሟል። «አፌን ልጉመጥመጥ ብዬ ነው» አለ። «አፍህ ሆድህ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?» አለችው። ሳቅ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጠርሙሱን ከእጁ መንትፋ፣ ከካፖርቷ ኪስ ጓጉንቸር አውጥታ ማቀዝቀዣውን ቀርቅማ ቆለፈችው። ጓጉንቸሩን መቼ እንደገዛች፣ በሩ ላይ ማንጠልጠያውን ማን እንደሠራላት አላውቅም። እዚህ ቤት ሳይነገረኝ የሚሠራው ብዙ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ጭካኔ ይመስላል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው የጠጣው ውሃ መውጫ የለውም። እግሩ ላይ፣ ፊቱ ላይ፣ ሲብስም ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማሽን ላይ ተቀምጦ ደሙ እስኪታጠብለት ድረስ። ለቀን የተፈቀደችለት አንዲት የሕፃን ኩባያ ናት። ዛሬ የእጥበት ቀኑ በመሆኑ ነው ልቡ የደፈረው። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል የማታ የእጥበት ፈረቃ አለው፤ ወንድሜ ቀን በየሕንፃው አሳንሰር ሲጠግን ውሎ በሳምንት ሁለት ቀን አመሻሹ ላይ ይመጣና ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል። የቀኑ ፈረቃ ሞልቶ ከፈሰሰ ቆይቷል፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ለጉድ ነው። የግል ማዕከሎቹን ደግሞ ተዉት፣ የእኔም የእሱም ደመወዝ ተደምሮ እዚያ ወሩን አያደርሰውም። እንግዲህ ቤታችን የቆመው በዚህች የማታ ፈረቃ ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሦስታችንም አናወራውም።

ቁርስ ቀረበ። እትዬ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ለእኔና ለራሷ ሻይ ቀዳች፤ ለእሱ ደረቅ ዳቦ አቀረበችለት። ሻዩን ላለማየት ዳቦውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያገላብጠው አየሁና የእኔንም ሻይ ገፋ አደረግኩት። እሷም አልጠጣችውም፤ ትንሽ ጠብቃ ሁለቱንም ብርጭቆ አንስታ ማጠቢያው ላይ ደፋችው። ከዚያ ልጆች ወደምትጠብቅበት ሙዓለ ሕፃናት ለመሄድ ወጣች፤ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ተመልሳ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። እሱ «ቁልፉን ይዘሽው እየሄድሽ ነው?» አላት፤ «ውጠዋለሁ ብትፈልግ» አለችው። በነሱ ቤት ፍቅር እንዲህ ነው የሚነገረው።

ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ወረድን። የእኛ ሕንፃ አሳንሰር ከቆመ ከርሟል። አከራዩ «ባለሙያው እዚሁ ይኖር የለ!» እያለ ለመለዋወጫ ሳንቲም አያወጣም፣ ወንድሜ ደግሞ ሞተር ከኪሱ አያወጣ። እየወረድን በየማረፊያው የመሣሪያ ቦርሳውን አስቀምጦ መስኮት የሚያይ መሰለ። እኔም የማየው መሰልኩ። ታች ስንደርስ «ማታ እንገናኝ፣ እስክሪብቶ» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ እንዲህ ነው፤ ለምን እንደሆነ ራሱም ረስቶታል።

የምሠራው የሆስፒታሉ መረጃ ክፍል ነው። ክፍላችን ድሮ የአንሶላ መጋዘን ነበር፤ መስኮት የለውም፣ አሁንም በረኪና በረኪና ይላል። እያንዳንዱ የሕክምና ክፍል የሠራውን በየኮምፒውተሩ ያስገባል፤ ስንት ሰው ተኛ፣ ስንቱ ወጣ፣ የትኛው መድኃኒት አለቀ፣ የትኛው ወንበር ባዶ ዋለ። ያ ሁሉ እኛ ጋ ይፈስሳል። እኛ አጣርተን ለኃላፊዎቹ ወርሃዊ ስብሰባ በትልቁ ስክሪን ላይ እናወጣዋለን፤ የደህናው በአረንጓዴ፣ የሚያሰጋው በቢጫ፣ የከፋው በቀይ። እነሱ አይተው ይወስናሉ። «ሲስተሙ» ነው የምንለው፤ ሌላ ስም አልወጣለትም። ሰው ሲያማው እኔ እቆጣ ነበር። ከሱ በፊት እኮ ነርስ የሚመደበው፣ ኦክስጅን የሚገዛው በስብሰባ ላይ ጉሮሮው ለሰፋ ሐኪም ነበር። የሕፃናት ክፍሏ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሐኪም ስትለምን ከርማ ያላገኘችውን ኦክስጅን፣ ሲስተሙ በመጣ በወሩ አገኘች፤ ቀዩን ሁሉም አየዋ። እንዴት አልወደው?

ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ ስላለ ስክሪኑን ላዘጋጅ ተቀመጥኩ። ድንገተኛ ክፍል ቀይ፤ ይህ አዲስ አይደለም፣ ነርስ አንሷቸው ሕመምተኛ ኮሪደር ላይ ነው የሚያድረው። ማዋለጃ አረንጓዴ። ወረድ ስል «የኩላሊት እጥበት፣ የማታ ፈረቃ» የሚለው መስመር ፊቴ ላይ በራ፤ ቀይ። ወንበሮቹ ከግማሽ በላይ ባዶ ናቸው ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ የሚጽፋት ትንሽዬ ምክር አለች፦ «ፈረቃውን ማጠፍና ባለሙያዎቹን ወደ ተጨናነቀ ክፍል ማዛወር ይመከራል።» ቆሌዬ ተገፈፈ። ያለፉትን ወራት ከፍቼ አየሁ፤ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ከዚያ በፊት አረንጓዴ። ሰዎቹ አንድ በአንድ መቅረት ጀምረዋል። «ቀርቷል፣ ቀርታለች፣ ቀርቷል» እያለ ይወርዳል። ሰው እንዴት ከደም እጥበት ይቀራል? ከሠርግ ይቀራል፣ ከሥራ ይቀራል፤ ከዚህ የቀረ ሰው እኮ በሳምንቱ የለም። የቁልፍ ሰሌዳውን ገፍቼ ተነሣሁና ወደ እጥበት ክፍሉ ሮጥኩ።

የማታውን ፈረቃ የምትመራው ሲስተር ለርክክብ ቀደም ብላ ገና መግባቷ ነበር፤ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ወዳጄ ናት። ወንድሜን መርፌ ስትወጋው ቀልድ እያወራች የምትወጋ፣ ክንዱ ሲያብጥበት የምታቅፈው ሴት ናት። «ሰዎችሽ ለምንድነው የሚቀሩት?» አልኳት ሰላም ሳልላት። እጇ ላይ የነበረውን የጎማ ቱቦ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። «አይቀሩም» አለችኝ።

«ሲስተሙ ላይ ግን ቀርተዋል ነው የሚለው።»

«ሞተዋል» አለች። «የቀረ ሰው የለም። ሁሉም ሞተዋል።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገሩ የጀመረው በሹፌሩ ነው አለች። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ ከወንድሜ ፊት ለፊት የሚቀመጠው። ወንበሩ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ፤ ሐኪሞቹ ተረባርበው አልሆነላቸውም። ሲስተር ኮምፒውተሩ ላይ «ሞቷል» የሚለውን እንደተለመደው ተጫነች። ሲስተሙ ፋይል በሞት ሲዘጋ ለቤተሰቡ ስልክ ራሱ መልዕክት እንደሚልክ ያኔ ማንም አልነገራትም። የሹፌሩ ሴት ልጅ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ተሰልፋ ነበር። ስልኳ ጮኸ። «ውድ ቤተሰብ፣ የታካሚዎ ፋይል በሞት ምክንያት ተዘግቷል። አገልግሎታችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን።» ልጅቷ አልጮኸችም አለች ሲስተር። የገዛችውን መድኃኒት ይዛ መጣች፣ ስልኩን አሳየቻት፣ «ይሄ ስህተት ነው አይደል?» አለቻት። ይህን ስትነግረኝ ሲስተር ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፤ አንጀቴን በላችው።

የመልዕክቱን ነገር እኔም አውቀዋለሁ። ያኔ ተጮኾ፣ ተወያይተን፣ ሲስተሙን ለሠራው ኩባንያ ጽፈንለት ነበር። መልዕክቱ ከመዝጊያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለብቻው እንደማይጠፋ፣ በሚቀጥለው እትም እንደሚስተካከል መለሱልን። የሚቀጥለው እትም እስካሁን በመንገድ ላይ ነው። እኔ ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። የእጥበት ክፍል ነርሶች ግን እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ያንን ቁልፍ ዳግመኛ ላይነኩ ወሰኑ። ሰው ሲሞት ሲስተር ራሷ ቤተሰቡን ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ እጃቸውን ይዛ፣ በአፏ ትነግራቸዋለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ ለቀኑ ቀጠሮ የሆነ ነገር ካልተሞላለት አላልፍም ይላል። መልዕክት የማይልከው አንድ ምርጫ ብቻ ነው፤ «ቀርቷል» የሚለው። ያንን ተጫኑ። ሲስተሙ የሞተ ሰው መሆኑን በምን ይወቅ? በሳምንት ሁለት ቀን ወንበሩን ይይዝለታል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀርበታል።

ንዴት አፍንጫዬ ላይ ወጣ። «ደጅ ላይ እኮ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። «ወንበሩ የተያዘ ስለሚመስል ተራው አይንቀሳቀስም። ለሙታን ወንበር ይዛችሁ ያለውን ሰው ደጅ ታስቀምጣላችሁ?» ማሽኑ ላይ የተቀመጡት የቀን ፈረቃ ሰዎች ዞረው አዩን። ሲስተር አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። «መጀመሪያ አንድ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ኩባንያው ሲያስተካክለው እዘጋዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሁለተኛው ሞተ። ከዚያ አስተማሪዋ። እየቆየ ሲሄድ እንዴት አድርጌ ልዝጋው? ከቀበሩት ስንት ጊዜ በኋላ ያ መልዕክት ይድረሳቸው?»   ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች፤ «እሺ፣ አሁኑኑ ሁሉንም ልጫናቸው። ለየቤቱ ደውዬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብላ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። እጇን ለቀም አድርጌ ያዝኳት።

ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያለፈ ወር ከተዘጋ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መጻፍ አይቻልም፤ ቁጥር የሚያጭበረብር ሰው እንዳይኖር ተብሎ ነው የተቆለፈው። ዛሬ የተጫነ ሞት የዛሬ ሞት ሆኖ ይቆጠራል። የአንድ ክረምትና በጋ ሙታን በአንድ ቀን በአንድ ፈረቃ ሞቱ ማለት ነው። በአንድ ወር ከተወሰነው በላይ ሰው የሞተበት ክፍል ደግሞ አጣሪ መጥቶ እስኪያየው ይታገዳል፤ ሕጉ ነው፣ ጥሩ ሕግም ነው። እጇን ይዤ ቆምኩ፣ እሷም እጇን ሳታስለቅቅ ቆመች። ቢጫኑት ይዘጋል፣ ባይጫኑት ይዘጋል። ሁለታችንም እንደ ተቀጡ ተማሪዎች እዚያ ማሽን አጠገብ ተገትረን ቀረን። የግድግዳው ሰዓት ስብሰባው መድረሱን ሲያሳየኝ ለቀቅኳትና ሄድኩ።

የስብሰባው አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ፣ ረድፍ የታሸገ ውሃ፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሚያቀዘቅዝ አየር ማቀዝቀዣ አለው። ስክሪኑን እኔ እከፍታለሁ፣ የሚያስረዳው የዕቅድ ኃላፊው ነው። ሰውዬውን ከጀርባው ፐርሰንት ነው የምንለው፤ ልጁ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሆነ ብትጠይቁት እንኳ በመቶኛ ይመልሳል። ክፉ ሰው አይደለም። ድንገተኛ ክፍሉን አሳየና «እዚህ ሰው ኮሪደር ላይ እየሞተብን ነው፣ ነርስ ያስፈልጋል» አለ። እውነቱን ነው። ቀጥሎ የማታውን ፈረቃ አሳየ። «እዚህ ደግሞ ነርሶቹ ባዶ ወንበር እየጠበቁ ነው። ሲስተሙም አጥፉት እያለ ነው።» ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሌላ ክፍል ቢሆን እነቀንቅ ነበር። ዋና ዳይሬክተሩ፣ ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ ከቀዶ ሕክምና የመጣ ሰው፣ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ፤ «መረጃው ትክክል ነው?» አለኝ። ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፣ ሁልጊዜ «ትክክል ነው ዶክተር» እለዋለሁ፣ ያልፋል።

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ከሹፌሩ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መልዕክቱን በቃሌ ስደግመው የፋይናንስ ኃላፊዋ ሳቅ አመለጣትና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።  ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ይስተካከል» አለ። እንዴት ቢስተካከል ምን እንደሚሆን አስረዳሁት። ሲያዳምጠኝ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቁጣ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ድካም ነው። «ቆይ» አለ፤ «ስለዚህ አንድም በመቅረት ይዘጋል፣ አንድም በሞት ይዘጋል። ሌላ መንገድ አለሽ?» ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብንዘጋም እስኪያልቁ ድረስ ቀይ ነው፤ ሌላ የለኝም» አልኩት። ቀይ የሆነ ፈረቃ እንዲቀጥል የሚፈቅደው የበላይ መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ፣ እሱ ራሱ እዚያው ደወለ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ሰው ከስልኩ ውስጥ በትህትና «እኛም የምናየው ያንኑ ስክሪን ነው ዶክተር፣ ያስገባችሁትን ነው የምናውቀው» አለው።

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩትን ለሰው ብነግር ማን ያምነኛል? በየትኛው ይዘጋ የሚለውን ነበር የሚነጋገሩት። ፐርሰንት ጉሮሮውን ጠራርጎ «መቅረት ይሻላል» አለ። «የመቅረት ጥፋቱ የሆስፒታሉ አይደለም። የሞት ከሆነ ግን የቀን ፈረቃውም አብሮ ይታገዳል፣ ማሽኑ አንድ፣ ክፍሉ አንድ።» ይህኛውን እኔ አላሰብኩትም ነበር። እንደዚያ ከሆነ የቀን ታካሚዎቹም ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው። ማንም የተከራከረ የለም፤ ምን ብሎ ይከራከራል? የማታ ፈረቃው ከወሩ መጀመሪያ እንዲታጠፍ፣ ነርሶቹ ወደ ድንገተኛ እንዲዛወሩ፣ ታካሚዎቹ በተራቸው ወደ ቀን ፈረቃ እንዲገቡ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤ ስትይዝ የነበረችው ጸሐፊ ከፋይናንስ ኃላፊዋ ውሃ ተቀብላ ጠጣች። ውሳኔው በኔው ኮምፒውተር በኩል ስለሚገባ፣ እኔው ነኝ ያስገባሁት።

ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። «ወንድምሽ እዚያ ነው አይደል?» አለኝ። ያውቃል፤ አንድ ቀን አሳንሰር ውስጥ ታግቶ ያወጣው ወንድሜ ነው። «ዶክተር፣ በእግዜር፣ ለሱ አንድ የቀን ወንበር» አልኩት። እንዲህ ብዬ ሰው ለምኜ አላውቅም፣ ጆሮዬ በእፍረት ጋለ። ግድግዳውን ተደገፈ። «ብችል» አለኝ፤ «ተራውን እኔም መዝለል አልችልም፣ ይቆለፍብኛል። ሲስተሙ ሲመጣ እኮ ያጨበጨብነው ለዚህ ነበር። የኃላፊ ዘመድ ከፊት እንዳይገባ።» አጨብጭበናል፤ እኔም ከፊት ረድፍ ቆሜ። ትከሻዬን ነካ አደረገኝና ወደ ቀዶ ሕክምናው ተመለሰ፣ ሰው ተዘጋጅቶ እየጠበቀው ነበር።

አመሻሹ ላይ ወደ እጥበት ክፍሉ ስገባ ወንድሜ ቀድሞኝ ደርሷል። የመሣሪያ ቦርሳው ከወንበሩ ሥር፣ እጁ በግሪስ እንደጠቆረ፣ ሲስተር ክንዱን በአልኮል እየጠረገች «ዛሬ ደግሞ የት ስትንደባለል ዋልክ?» ትለዋለች። ቀና ብላ ግን አታየኝም፤ ነግረዋታል። ሁለቱን መርፌዎች ወጋችው፣ ቱቦው ቀላ፣ ማሽኑ መዞር ጀመረ። እሷ ወደ ሌሎቹ ሄደች፣ እኔ በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግራና ቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ፊት ለፊቱም ባዶ ነው። በየወንበሩ ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፏል፤ ነርሶቹ ያንን አልተዉም።

አንድ ባለጠጋ አሳንሰር ውስጥ ታግቶ ለሚስቱ በስልክ ሲናዘዝ እንደሰማው እየሳቀ አወራልኝ። ሳቅሁለት። ሳቄ አላማረውም መሰል አቆመና ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር።  ለእትዬ ነግሬ እሷ ብትነግረው ይሻላል ብዬ መንገድ ሙሉ አስቤ ነበር፤ ግን ከነጓጉንቸሯ ያቺን ሴት ምን ብዬ ላግኛት? ነገርኩት። መልዕክቱንም፣ ቀዩንም፣ ስብሰባውንም፣ ከወሩ መጀመሪያ በኋላ ማታ እዚህ በር ተቆልፎ እንደሚያገኘው፣ የቀኑ ተራ መቼ እንደሚደርሰው ማንም እንደማያውቅ።  እሱ ያልተወጋ እጁን ዘርግቶ ጉልበቴን ያዘኝ፣ ግሪሱ ቀሚሴ ላይ ታተመ። አላለቀሰም፣ አልተራገመም። ማሽኑ ይዞራል፣ እሱ ባዶዎቹን ወንበሮች ያያል።

«እነዚህ ሰዎች» አለ በአገጩ እያመለከተ፣ «እንግዲህ ምን ተብለው ነው የተጻፉት?»

«ቀርተዋል ተብለው።»

«ሹፌሩም?»

«ሹፌሩ እንኳን ሞቷል ነው የተባለው። ከሱ በኋላ ያሉት ናቸው።»

«አስተማሪዋ ቀረች ተባለች?» አለና ከወንበሩ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ማሽኑ ጮኸበት፣ ተመልሶ ተጋደመ። «ኧረ ወይ ጉድ! ያቺ ሴትዮ እኮ መንገዱ ጎርፍ ሆኖ አውቶቡስ የቆመ ቀን በእግሯ መጥታለች። ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ ገብታ ‹ዘገየሁ ይቅርታ› ያለችን ሰው ናት!» ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ሲስተር ከዳር ሆና ሰማች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ «ተረጋጋ ወንድም ጋሼ» አልኩት፤ ደጋገምኩት። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ተመለሰ።

«ስሚኝ፣ እስክሪብቶ» አለኝ በኋላ። «እኔ ስሞት ተጫኑት።»

«አታሟርት!»

«አላሟርትም። መልዕክቱ ይሂድ፣ ግድ የለም፤ ለሚስቴ ቀድመሽ አንቺ ንገሪያት። ግን ቀረ አትበሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት ገመድ ላይ ስንጠለጠል አንድ ቀን ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። እዚህም አንድ ቀን አልቀረሁም። የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ እኔ አልቀረሁም።»

«እሺ» አልኩት። እጄን ያዘና ዓይኑን ጨፈነ፣ እኔም ያዝኩት። ፈረቃው ከታጠፈ በኋላ የሱ ቀጠሮ የቀን ወንበር እስኪገኝ ድረስ ሲስተሙ ላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በሳምንት ሁለት ቀን ቀኑ ባለፈ ቁጥር፣ እኔም ሲስተርም ሳንነካው፣ ሲስተሙ ራሱ «ቀርቷል» ብሎ ይሞላዋል። ይህን ግን አልነገርኩትም።